ልባቸውን ፍለጋ የሚመለሱት የኔታ

የኔታ ይትባረክ ማረፋቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሉማሜ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤቴ ብርጭቆ ሳጥብ ነው። ከደብረ ማርቆስ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር መኪናውን እንኳ ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣ «እማማ ደብሬ፣ የአቋቋሙ መምህር አርፈዋል፤ አስከሬናቸው ከኋላዬ እየመጣ ነው» አለኝ። ጎረቤቴ ባንቺ ደረቷን መታች። ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሰዎች ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ግን ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጌ፣ «አይደረግም! ሳንጨርስ?» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰው ሲሞት እንዲህ አይባልም፤ አውቃለሁ። ግን ከየኔታ ጋር ወራት ያስቆጠረ ክርክር ነበረኝ። ከአፋቸው አንዲት ነገር እፈልግ ነበር፤ የልጅ ልጄን ስመኝን «ተማሪዬ ናት» እንዲሉልኝ። በዚያው ሳምንት የተኙበት ሆስፒታል ሄጄ ልጠይቃቸውም ልሟገታቸውም ስንቅ አዘጋጅቼ ነበር። ቀደሙኝ።

የኔታ የማርያም ቤተ ክርስቲያናችን የአቋቋም መምህር ነበሩ። አቋቋም ማለት ካህናቱ በማኅሌት ጊዜ መቋሚያቸውን ይዘው፣ እግራቸውንና ወገባቸውን ከዜማው ጋር እያስማሙ የሚያመሰግኑበት ትምህርት ነው። እድሜያቸውን ሙሉ በዚያ በትር ላይ ከመደገፋቸው የተነሣ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ከፍ ያለ ነበር። ገና ከሩቅ በትከሻቸው ይታወቃሉ። ይበልጥ የሚታወቁት ግን በአረማመዳቸው ነው።

ከጎጇቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሻይ ቤቴ በር ያልፋሉ። ደህና ሲሄዱ ቆይተው ድንገት ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ዞረው ወደመጡበት ይመለሳሉ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነገር የጣሉ መስሎኝ ነበር።

«የኔታ፣ ምን ጠፋብዎ?»

«ልቤ።»

«የት ጋ?»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ። የባለወፍጮውን አዲስ በር ሳይ እዚያው ቀረ።»

ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይመለሱና በሩ ላይ ትንሽ ቆመው እንደገና መራመድ ይጀምራሉ፤ ተረከዝ መጀመሪያ፣ ጣት በኋላ። አንድ ቀን ሰባት ጊዜ ሲመለሱ ቆጠርኩና፣ «የዛሬውስ ልብዎ ከአህያዬ ባሰ» አልኳቸው።

«አህያማ ቤቱን ያውቃል፣ እመት ደብሬ» ብለውኝ አለፉ።

እርጅና ነው ብዬ ስንት ጊዜ አዝኜላቸዋለሁ። ኋላ ነው ጸሎት መሆኑ የገባኝ። አንዱ ተረከዝ መሬት ሲነካ «እግዚኦ»፣ ሌላው ሲነካ «ተሣሃለነ» ይላሉ። እግራቸው እየሄደ ቃሉ ከጠፋ፣ ልባቸው ሌላ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደቀረበት ቦታ ይመለሳሉ። ሲመለሱ አይበሳጩም፣ ራሳቸውንም አይሰድቡም። ጥጃዋ ከመንጋ እንደቀረችበት ሰው ሄደው ይዘዋት ይመጣሉ፤ በቃ።

ከዚያ የስመኝ ነገር መጣ። ስመኝን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከክፍሏ ከፊተኞቹ አንዷ ነበረች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊፈተኑ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ አብራ ሄደች፤ በሁለተኛው ቀን ከፈተናው መካከል ተነሥታ ወጣች። ማንም አላስወጣትም።

«ፊደሉ ይሮጣል፣ እምዬ» አለችኝ። «አንዱን ስይዘው ሌላው ያመልጠኛል።»

እቤት ከተመለሰች በኋላ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ሳህን ማጠብ ትጀምርና ትተወዋለች። መጥረጊያ ታነሣለች፣ ትጥላለች። ስልኳን ታያለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሳታስቀምጠው መልሳ ታነሣዋለች። አንድ እንጀራ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ከገበታ ትነሣለች። ተኝታም እግሯ አያርፍም። ጠበል ወሰድኋት። ጤና ጣቢያም ወሰድኋት፤ «ጭንቀት ነው፣ ትረፍ» አሉን። ማረፍ ብትችል መቼ ወጥተን እንሄድ ነበር? ዘመድ ሁሉ «ቁጭ ብላ ታጥና» ይላል። እኔማ ከሁሉም ባስኩ፤ «ቁጭ በይ!» እያልኩ እጮኽባት ነበር። ያቃታት ደግሞ ቁጭ ማለት ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት በግል እንድትፈተን ተመዘገበች። «ይኼኛው ካልሆነ ግን እምዬ፣ ዳግመኛ ደብተር አልነካም» አለችኝ። ስትናገር ድምጿ የአሮጊት ድምፅ ነበር። ያ አስፈራኝና ወደ የኔታ ሄድኩ።

«የኔታ፣ ልጄ ልቧ አላርፍ አለ።»

«የማን ልብ አርፎ ያውቃል?»

«ስልኩ ነው ያበላሻት።»

«ስልኩ ምን አደረገ? በቅዳሴ መካከል በልቡ በሬ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ስንት አለ መሰለዎት። አንዱም ስልክ አልያዘም።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ለመቀመጥ እንቢ ያለን ልብ ቁጭ በል ማለት ግፍ ነው። ይሂድ። ግን ከእግሯ ጋር ይሂድ። ነገ ጠዋት ያምጧት።»

ግፍ የሚለውን ቃል ስሰማ እኔ ሌላ ነገር አያስፈልገኝም። ወሰድኋት።

ነጠላዋን ተከናንባ ፊታቸው ቆመች። የኔታ ምክር የሚባል ነገር አልመከሯትም። «ቤተ ክርስቲያኑን ዙሪ» አሏት። «በእያንዳንዱ ተረከዝ አንድ ቃል። ቃሉ ሲጠፋሽ አታልቅሺ፤ የጠፋሽበት ቦታ ተመልሰሽ ከዚያ ጀምሪ።»

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ላቧን እየጠረገች ወደ ሻይ ቤት መጣች። «እምዬ፣ ከዋንዛው ማለፍ አልቻልኩም።» ዋንዛው ከበሩ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። እኔ አዘንኩ። የኔታ ግን ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ለመጀመሪያ ቀን ዋንዛው ሩቅ አገር ነው» አሉ። «እኔ ከደጀ ሰላሙ ለመራቅ ሳምንት ፈጅቶብኛል።»

በየጠዋቱ ሄደች። በወሩ አንድ ዙር ጨረሰች። ሳህኑን አጥባ መጨረስ የጀመረችውም በዚያው ሰሞን ነው። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ባንቺ ሹክ ልትለኝ መጣች።

«ደብሬ፣ እንዳትቆጪኝ። ልጅቱ ምን አድርጋ ነው?»

«ምን ታድርግ?»

«ቀኖናው ከባድ ነው እየተባለ ነው። ይኼን ያህል ጠዋት ያለ ነገር አይዞርም ይላሉ።»

«ማነው የሚለው? ምን አደረገች ነው የሚሉት?»

«እንግዲህ ለሴት ልጅ የሚባለውን ነው» አለችና ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር አንዲት ልጃገረድ ተከናንባ ለብቻዋ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ስትዞር የታየች እንደሆነ፣ የንስሐ አባቷ ስለ ኃጢአቷ ቀኖና ሰጥተዋታል ማለት ነው። ቀኖናው ሲረዝም ኃጢአቱም ይረዝማል። እኔ ልጄን ላድን ስል በሰው አፍ ጥያታለሁ።

እሑድ ነበርና ምእመኑ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተሰብስቦ ዳቦ ይቆርሳል። ሽማግሌዎቹ ፊት ገብቼ ቆምኩ።

«የኔታ! ወንዶቹ ተማሪዎችዎ ሲዞሩ ትምህርት፣ የኔ ልጅ ስትዞር ኃጢአት! ይኼ የት አገር ፍርድ ነው?»

የኔታ የያዙትን ቁራሽ አስቀመጡ። «እውነትዎን ነው» አሉ። «ይኼን አላሰብኩትም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ለጠብ የመጣ ሰው ጥፋቱ የኔ ነው ሲባል መግቢያ ያጣል።

«አሁን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «ከሻይ ቤትዎ እስከዚህ ሲመጡ እግርዎን አንድ ጊዜ እንኳ አይተውታል?»

«እግሬን ለማየት ነው የመጣሁት?»

«ቁጣዎ ቀድሞ ገባ፤ እግርዎ ገና አሁን መድረሱ ነው። ወደፊት ከመናገርዎ በፊት ሦስት እርምጃ ይራመዱ። ተረከዝዎን እያዩ፣ ሦስት ብቻ።»

«በሦስት እርምጃ ውስጥ ንግግሬ ቢጠፋብኝስ?»

«ከጠፋ የእርስዎ አልነበረም። ሦስት እርምጃ ሄዶ ያልሞተውን ቃል ግን፣ ማንም ፊት ቢሆን ይናገሩት።»

ሰንበቴው ሳቀብኝ። እየተቃጠልኩ ወጣሁ፤ ቤቴ እስክደርስም እግሬን አላየሁትም።

በማግስቱ ጠዋት የኔታ ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ከጎጆ አስወጡ። አሥራ አምስት ያህል ይሆናሉ፤ ደበሏቸውን ደርበዋል። ከሁሉም ትልቁ ስንሻው የሚባል፣ ሊመረቅ የደረሰ ጎልማሳ ነበር። እኔ ከቅጥሩ በር ላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ ፊቱ ጥቁር ብሏል።

«የኔታ፣ ሰው ምን ይለናል? ከሴት ልጅ ጋር ተሰልፈን?»

«ይበል። ይኼ ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት ምን ኃጢአት ሠርቶ እንዳደረ ሲገምት ይዋል።»

ስመኝን ከፊትም ከኋላም አላደረጓትም፤ ከመካከል አስገቧት። እሳቸው ከሁሉም ኋላ ሆኑ። ዞሩ። አንዱ ሲቆም ሌላው ያልፈዋል፤ አንዱ ወደ ዋንዛው ሲመለስ ሌላው ከዋንዛው ይነሣል። ስንሻው አራት ጊዜ ሲመለስ ስመኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ተመለሰች። ባንቺ አጠገቤ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታያለች። «ምነው ባንቺ፣ የየኔታስ ኃጢአት ምን ይሆን?» ብላት፣ «ዝም በይ አንቺ» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። እንዲህ ሳምንት ዞሩ። ከዚያ በኋላ ስመኝ ለብቻዋ ብትዞርም ማንም ምንም አላለ።

የካቲት ላይ መጽሐፍ መያዝ ጀመረች። የኔታ፣ «ቁጭ ብለሽ አንብቢ ያለሽ ማነው?» አሏት። የእሳቸው ልጆች ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ግራ ቀኝ እያሉ ነው ቃል የሚይዙት። ስመኝም እንደዚያ ታድርግ ተባለ፤ አንድ መስመር አንብባ ሲገባት ክብደቷን ወደ ሌላው እግሯ ታዛውር፤ ካልገባት እግሯ ባለበት ይቆይ። ግን በምን ትደገፍ?

«መቋሚያ ይስጧት» አልኩ።

«መቋሚያ ለሴት አይሰጥም፣ እመት። ሥርዓት ነው።»

«ሥርዓቱ የእሷን ወገብ አይቶታል?»

ሳቁና በር ላይ የተሰቀለውን ጥቁር ጃንጥላዬን ጠቆሙኝ። «እሱን ያውሷት።»

እንዲህ ሆነ። ወንዶቹ በመቋሚያ፣ የኔ ልጅ በተጠቀለለ ጃንጥላ። ባዮሎጂዋን እያነበበች ግራ ቀኝ ስትል ላየ ሰው ውዳሴ ማርያም የምታደርስ ነው የምትመስለው። ሰኔ ሲገባ ጃንጥላው ከእጇ አልወጣ ስላለ ዝናቡን ሁሉ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አልቆጨኝም። የቆጨኝ ሌላ ነው።

አንድ ቀን ከቁይ የመጡ ቄስ ከየኔታ ጋር ሻይ ሲጠጡ፣ ስመኝ ጥግ ላይ ጃንጥላዋን ተደግፋ አዩዋት። «ይቺ ደግሞ ተማሪዎ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«አይ፣ የእመት ደብሬ ልጅ ናት። አብረን እንራመዳለን» አሉ የኔታ።

ስመኝ አንገቷን ደፋች። እግሯ ከመስመር ወደ መስመር መሄዱን ሲያቆም አየሁት። እንግዳው እስኪሄዱ ቃሌን በጥርሴ ይዤ ቆየሁ።

«የኔታ፣ ምነው ካዷት?»

«አልካድኳትም። እኔ የማስተምረው አቋቋም ነው። እሷን አቋቋም አላስተማርኳትም። ያላስተማርኩትን አስተማርኩ ብል ሐሰት ነው።»

«ያስተማሩትን አላስተማርኩም ማለትስ ምን ይባላል?»

የኔታ፣ «እናየዋለን፣ እመት» ብለው ተነሡ። ያን ቀን ወደ ወፍጮ ቤቱ ስንት ጊዜ እንደተመለሱ ልንገራችሁ? እኔም መቁጠር አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ባገኘኋቸው ቁጥር ጠይቄያቸዋለሁ፤ ባገኙኝ ቁጥር «እናየዋለን» ብለውኛል።

ሐምሌ ላይ ስመኝ ደብረ ማርቆስ ሄደች። የፈተናውን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው አልናገርም። ስትመለስ ከሚኒባሱ ሳትወርድ ነው የያዝኳት።

«ተቀመጥሽ?»

«ተቀመጥኩ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ፊደሉ መሮጥ ሲጀምር ጠረጴዛው ሥር ተረከዜን ጫን አደረግሁት፣ እምዬ። ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ ወደጠፋሁበት ጥያቄ ተመለስኩ።»

ውጤቱ ሲመጣ አለፈች። እኔ ሮጬ ጎጇቸው ስደርስ የኔታ ተኝተዋል፤ ሕመሙ ጀምሯቸዋል።

«አለፈች፣ የኔታ!»

«እግሯ ደህና ነው?» አሉኝ። ሌላ አልጠየቁም።

«ደህና ነው። አሁንስ? ተማሪዬ ናት ይበሉኛ!»

«ሦስት እርምጃ ተራምደውበታል?»

«ስንት ወር ሙሉ ተራምጄበታለሁ!»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳሉ አልቆም ሲል ደቀ መዛሙርቱ ውኃ ሊሰጧቸው ገቡና እኔ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ገቡ፤ የቀረውን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

ለቀብሩ ስመኝ አልደረሰችም፤ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነው። ለአርባቸው ተዝካር ግን መጣች። ጃንጥላውንም ይዛ መጣች። ከእኔ ጋር ከሴቶቹ ወገን ተቀመጠች፤ ወንዶቹና ካህናቱ በድንኳኑ ወዲያኛው ወገን ነበሩ። ፍትሐቱ አልቆ፣ ጠበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ፣ ስንሻው ወረቀት ይዞ ተነሣ። አሁን እሱም መሪጌታ ሆኖ ደጀን አካባቢ ያስተምራል። የኔታ ያስተማሯቸውን ሰዎች ስም በተራ አነበበ፤ እገሌ እዚህ መምህር ሆነ፣ እገሌ እዚያ አለቃ ሆነ እያለ። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ የተጠራው ባለበት ብድግ ይላል። ብዙ ናቸው። ሁሉም ወንዶች ናቸው።

«እንግዲህ የየኔታ ፍሬዎች እነዚህ ናቸው» ብሎ ወረቀቱን አጠፈው።

ስመኝን አየኋት። ጃንጥላውን በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቿን ታያለች። አልተከፋችም ብዬ አልዋሽም።

ደሜ ፈላ። የድሮዋ ደብሬ ብትሆን ከተቀመጠችበት ነበር የምትጮኸው። ስመኝ ገብቷታል፤ «እምዬ፣ ተይ» ብላ ቀሚሴን ያዘችኝ። እኔ ግን ተነሣሁ፤ ተረከዜን መሬት ላይ አሳረፍኩ። አንድ። ቃሉ አለ፤ ንዴቱም አለ። ሁለት። ንዴቱ ሲለሰልስ ተሰማኝ፤ ቃሉ አለ። ሦስት። ንዴቱን ፈልጌ አጣሁት። ቃሉ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀና ስል በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል፣ ድንኳኑ መሐል ነኝ።

«መሪጌታ ስንሻው፣ አንድ ሰው ጎድሏል» አልኩ። አልጮህኩም።

ማን እንደጎደለ ማንም አልጠየቀኝም፤ ያን ሳምንት አብረዋት የዞሩት ተማሪዎች እዚያው ከመካከላቸው ተቀምጠዋል። ስንሻው ወደ ስመኝ ዞረ።

«ምን አስተማሩሽ?» አላት። ለማሳፈር አልመሰለኝም፤ መዝገብ እንደሚይዝ ሰው ነው የጠየቀው።

ስመኝ ብድግ አለች። «መራመድ» አለች።

ከካህናቱ አንዱ ሊስቅ ጀመረ፤ ሳቁ ተከታይ ሲያጣ ተወው። ስንሻው ረጅም ጊዜ እግሩን አየ። ከዚያ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋና ለእኛ ሳይሆን ለካህናቱ፣ «እኔን ስድስት ወር ሙሉ ያስተማሩኝ እሱን ብቻ ነው» አለ። «ዜማውን ያገኘሁት በኋላ ነው። እናንተስ?» ሁለት ሦስቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንሻው ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ስመ ክርስትናሽ ማነው?»

«ወለተ ማርያም።»

ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈው። ከዚያ እንደሌሎቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

እኔ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ልቀመጥ ስል አንድ ነገር ጥዬ የመጣሁ መሰለኝና ዞር አልኩ። ድንኳኑ መሐል፣ ሦስተኛውን እርምጃ በረገጥኩበት ቦታ ላይ፣ ከየኔታ ጋር የነበረኝ ክርክር ቀርቷል። ሄጄ ላምጣው ወይ ብዬ አሰብኩ። ተውኩት። ተቀመጥኩ።